ከፈረስ ውረድ የተባለው ባሌ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ባል ከሐኪም ቤት ተመልሶ ምሳ ላይ ወሬውን ዘረገፈው። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ልጅ አላገኙም። ባልየው የብስክሌት ውድድር ነፍሱ ነው። ሐኪሙ፣ «ስፖርት መልካም ነው፤ ሲበዛ ግን የወንድን ዘር ሊያዳክም ይችላል። ለጥቂት ወራት ቀንስና እንደገና እናይሃለን» ብሎታል። ይህን ሲናገር ምንም አላፈረም። እኔ ግን የመጀመሪያው ባሌ ትዝ አለኝ።

በልጅነቴ የተዳርኩት ለደምሴ ነበር። የአንድ ደጃዝማች ፈረሰኛ ነው፤ ቤታችን ከአራዳ ጊዮርጊስ በታች። ጎህ ሲቀድ ጃንሜዳ ሄዶ ጉግስ ሲለማመድ ይውላል። ማታ ሲመለስ ላብና የኮርቻ ቆዳ ይሸታል፤ እኔም ያን ሽታ እወደው ነበር። ሳላረግዝ ብቆይ አማቴ መራራ ሥር እየቀቀሉ ያጠጡኝ ጀመር፤ አንጀቴ እስኪገለበጥ ያስመልሰኛል። እንዲያ ያለውን ጎበዝ ማን ይጠረጥረዋል? ጉልበት ያለው ሁሉ ዘር ያለው ይመስለን ነበር።

በመጨረሻ ደምሴን ለምኜው፣ ገበያው አጠገብ መድኃኒት ቤት ከነበረው አንድ ሽማግሌ አርመን ሐኪም ዘንድ ሄድን። እኔን ጤነኛ ነሽ አለኝ። ወደ ደምሴ ዞሮ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ቀኑን ሙሉ ኮርቻ፣ ሙቀት፣ ድካም። ይሄ ዘር ይጎዳል ይሆናል። እስከ ፋሲካ ፈረስ ተው፣ በእግር ሂድ» አለው።

ደምሴ እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ገሰገሰ። በማግስቱ ግን ጃንሜዳ አልሄደም። ለእኔ ብሎ መተዉን ሳይ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። በኅዳር ብርድ አብረን በእግራችን ገበያ እንወጣለን፤ የሽምብራ እሸት እየፈለፈለ ያቀብለኛል።

ጥምቀት ሲቃረብ ባልንጀሮቹ ቀለዱበት። «ደምሴን ሚስቱ ለጉማዋለች፤ ድርቆሽም ታበላዋለች» አሉ። ወሬው ለአማቴ ደረሰ። ምክንያቱን ሳያውቁ፣ ልጄን አሰነፈችው ብለው እንድንፋታ ሽማግሌ ጠሩ።

ሽማግሌዎቹ ከደጃችን ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አንደኛው፣ «ደምሴ፣ ልጅ ያጣችሁት በማን ነው?» አሉት።

ሐኪሙ ያለውን የምናውቅ እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔ ብናገር በአራዳ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። እሱ እንዲናገር ጠበቅሁት።

«በእሷ ነው። መካን ናት» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እሱ እንዳለው» አልኩ።

ተፋታን፤ ጥምቀትን አባቴ ቤት ዋልኩ። ደምሴ ያን ዕለት ከማንም የበለጠ ጋለበ ሲሉ ሰማሁ።

ኋላ ካገባሁት ባሌ የወለድኩትን የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ገበያ ላይ ደምሴን አገኘሁት። ከፈረሱ ወርዶ ሕፃኑን ትክ ብሎ አየው። «ያን ቀን ስለሸፈንሽኝ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አግብቶ፣ ልጅ ሳያይ ሞተ። በኮርቻው ይሁን በሌላ፣ አላውቅም፤ ሐኪሙ ያለውን ጊዜ አልጨረስነውም።

ትናንት የልጅ ልጄ፣ «እማማ፣ ባይሳካስ?» አለችኝ።

«ሽማግሌ ተቀምጦ በማን ነው ብሎ ቢጠይቀው ባልሽ ምን ይላል?» አልኳት።

«ምን ይላል? እውነቱን ነዋ» አለች፣ ጥያቄዬ ገርሟት።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።