ለሽማግሌዎቹ ያስረዳሁት አውሎ ነፋስ

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ትልቁ የባሕር አውሎ ነፋስ ነው። መሃሉ ላይ ጸጥ ያለ ዓይን አለው፤ ዓይኑን የከበበው የደመና ግድግዳ ግን ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው። ያ ግድግዳ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው የጻፍኩት። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን ዲግሪ ይዣለሁ፣ በቃ፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ክረምት ላይ አምበር ከተማ አጠገብ ገጠር ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። የእናቴን ጤፍ አረም ውጦታል፤ እኔ ደግሞ በማግስቱ ለሥራ ፍለጋ ማርቆስ ከተማ መመለስ አለብኝ። የደረስኩበት ቀን የደብራችን ታቦት ወርኃዊ በዓል ነበር። በዚያ ቀን መሬት የነካ፣ ያረሰ ወይ ያረመ ሰው አገሩ ላይ በረዶ ያስወርዳል ይባላል።

«ነገ ብቻዬን አርመዋለሁ፣ ተይኝ» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ሰማይ በዓል አይቆጥርም! ነይ ውጪ።» እጇን ይዤ ጎተትኳት።

ከሰዓት፣ ሁለታችን እያረምን ሳለ፣ በረዶው ወረደ። የጎረቤቶቻችንን ባቄላና ስንዴ ፈጀው። የኛን ጤፍ አልነካውም። ቢነካው ይሻል ነበር።

መሄዴ ቀረ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የአገሩ ሽማግሌዎች በዓል ሽራለች ብለው እናቴን ጠሯት፤ አብሬያት ሄድኩ። ስልኬን አውጥቼ የአውሎ ነፋሱን ምስል አሳየኋቸው።

«ይኸውላችሁ፣ ይሄ የውስጠኛው ግድግዳ ነው። ከውጭ ሌላ የዝናብ ቀለበት ይሠራና ይከበዋል። ቀለበቱ ሲዘጋ ለውስጠኛው የሚገባው እርጥብ አየር ይቋረጥበታል፣ ይደክምና ይፈርሳል። ከዚያ የውጪው እየጠበበ ቦታውን ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማንም ኃጢአት የለበትም።»

አንዱ ሽማግሌ ምስሉን ትክ ብለው አዩት። «ይኼ እኛ አገር አለ?»

«የለም፣ አባ። ባሕር ላይ ነው።»

«እንግዲያ የባሕሩን ለባሕር ሰው ንገሪ። የኛ በረዶ የእናትሽን ማሳ ዘሎ የሄደው ስለምን ነው?»

ስለ በረዶ አንድ ገጽ እንኳ አላጠናሁም።

«እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለች እናቴ አንገቷን ደፍታ። «ልጅቱ ምን ታውቃለች?»

የጎተትኳት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ስልኬን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

በሳምንቱ ጎረቤቶቹ የሚጠጡት የጽዋ ማኅበር ተራ የእናቴ ነበር። ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ መደቡን አንጥፋ ጠበቀች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩን ስታይ ዋለች። አንድ ሰው አልመጣም። ዳቦውን መልሳ በነጠላ ሸፈነችው።

«ሄጄ ልለምናቸው?» አልኳት።

«አንች ነገ ወደ ማርቆስ ሂጅ» አለች። «ብቻዬን ሲያዩኝ ያዝኑልኝ ይሆናል።»