የተለቀመ ናሙና

ውሃ ውስጥ የገባሁት ሃምሳ ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያውም በሐኪም ትእዛዝ። ሐኪሙ ጉልበቴን ሲነካካ ቆየና ዋና እንድጀምር አዘዘኝ። ጅማ ተወልጄ፣ ሄርማታ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት፣ ከዝናብ ሌላ ምን ውሃ አውቃለሁ? ሳቅሁበት። ጉልበቴ ግን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ሲያስለቅሰኝ ሳቄን ዋጥሁና፣ ረጅም ሱሪና ሰፊ ቲሸርት ለብሼ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሆቴል ገንዳ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ጠርዙን ይዤ አልለቅም ብዬ ሰው አስቸገርሁ።

የዋና ቡድናችንን ያገኘሁት እዚያው ነው። ሃያ ገደማ እንሆናለን፤ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ መካኒክ አለ፣ ጡረተኛ አለ። አለቃችን የስፖርት አስተማሪ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ቢሆን አያስደንቅም። ቅዳሜ ጠዋት እንዋኝና አንድ ጠረጴዛ ከብበን ፍርፍር እየበላን ያልመጣውን ሰው ስናማ እናረፍዳለን። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው ቤቴ ጭር ብሎብኛል፤ ልጆቹም የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው ሄደዋል። እውነቱን ልናገር፣ የገባሁት ለጉልበቴ ብዬ ነው፣ የቆየሁት ግን ለሰዎቹ ብዬ። አንድ ቅዳሜ ብቀር ምን ሆንሽ ብሎ የሚደውልልኝ አለ። የዚህን ዋጋ የሚያውቀው ደዋይ ያጣ ሰው ነው።

በየዓመቱ ከጎረቤታችን ከተማ ከሰርቦ ቡድን ጋር እንወዳደራለን። ቡድን እንበለው እንጂ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቡና ነጋዴ ሐጂ፣ የልጃቸው ባል እና አንድ መምህር። ሦስቱም ዋና የተማሩት ወንዝ ውስጥ ነው። ሁለቱ ጎልማሶች ዓሣ ናቸው። ሐጂ ስድሳን የተሻገሩ በመሆናቸው ቀስ ብለው ነው የሚዋኙት፤ ድካም የሚባል ነገር ግን አያውቁም።

ዋንጫው ታዲያ ሁልጊዜ የእኛ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁሉም ይዋኛል፣ እስከ ስድስተኛ የወጣ ለቡድኑ ነጥብ ያመጣል። ሰርቦዎች አንደኛም ሦስተኛም ቢወጡ የቀረውን ቦታ እኛ በብዛታችን እንሞላዋለን። ሃያ ሰው ከሦስት ሰው ጋር፣ ይህም ውድድር ከተባለ። እኔ በበኩሌ ስድስተኛ ወጥቼ አላውቅም፣ ለቡድኔም አንዲት ነጥብ አምጥቼ አላውቅም። የእኔ ሥራ መጨረሻ መውጣትና ሰው ማሳቅ ነበር። ደግሞም ተመችቶኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐጂን መረራቸው። ስለ ውድድሩ ልንነጋገር ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተሰብስበን ሳለ ሻያቸውን ገፋ አድርገው ተናገሩ።

«ማሎ፣ እባካችሁ እስቲ ንገሩኝ» አሉ። «ጆንያው ስለበዛ ነው ቡና አንደኛ ደረጃ የሚወጣለት? ናሙና ተወስዶ፣ ተቆልቶ፣ ተቀምሶ አይደለም እንዴ?»

ከዚያ ያሰቡትን አስረዱን። የእያንዳንዱ ቡድን አባል ስም ቆርኪ ውስጥ ይጻፍ፤ ቆርኪዎቹ ከረጢት ውስጥ ይግቡ፤ የተቃራኒው ቡድን መሪ ሳያይ እጁን ሰዶ ሦስት ያውጣ። የወጡት ሦስቱ ከሰርቦ ሦስት ጋር አንድ ለአንድ ይዋኙ፤ ብዙ ያሸነፈ ዋንጫውን ይውሰድ። ጅማ ላይ ቡናን ጠቅሶ የተናገረን ሰው ማን ደፍሮ ይሞግታል? አለቃችንም ጭንቅላቱን አክኮ እሺ አለ። እኔማ አጨበጨብሁ፣ ሞኟ።

ሳምንት ሳይሞላ አለቃችን ሱቄ ከች አለ። ሊገዛ አልመጣም፤ አንድ የሱፍ ጨርቅ ጫፍ ይዞ ያሻሻል።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ለጤናዎ ሲሉ አረፍ ቢሉስ?» አለኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያላሳሰበው ጤናዬ ዛሬ ምን ነካው ብዬ ዓይን ዓይኑን ሳየው ወደ መሬት አቀረቀረ። ያኔ ገባኝ። ናሙና ከመወሰዱ በፊት ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የጅማ ሰው የለም። ያስለቅማል። ጥቁሩን ፍሬ፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን አንድ በአንድ አስለቅሞ ያወጣና ንጹሑን ያቀርባል።

«ጥቁር ፍሬ ነሽ በለኛ» አልሁት።

አፈረ፤ አላስተባበለም ግን። ነርሷንና ጡረተኛውንም እንደዚሁ ለጤናቸው እንዳዘነላቸው በኋላ ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ጨርቄን ከእጁ ነጥቄ፣ ለሚገዛ ሰው እንጂ ለሚያሻሽ አልዘረጋም ብዬ አባረርሁት። ከወጣ በኋላ ግን ሆድ ባሰኝ። ሐጂ ያመጡት ሕግ ለሰርቦ ፍትሕ ነው፣ እኔም አምኜበታለሁ። ያ ፍትሕ ዞሮ ዞሮ እኔን ከሰዎቼ ሊለየኝ ነው። ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ ከእነዚያ ሁሉ ፍርፍር ተካፋዮቼ አንዱ እንኳ ለምን ትቀራለች አለማለቱ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልሁ ለራሴ።

የውድድሩ ቀን አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር። እልኸኛ ነኝና ሄድሁ፤ የዋና ልብሴንም ከቀሚሴ ሥር ለብሼ። ከኋላ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

አለቃችን ከረጢቱን አቀረበ። ሐጂ እጃቸውን ሰደዱ፣ ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ ባዶ እጃቸውን መልሰው አወጡ።

«ይሄ ናሙና ተለቅሟል» አሉ። «ወላሂ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በቡና ነው፤ የተለቀመ ጆንያ በእጄ አውቀዋለሁ። እዚያ ኋላ የተቀመጠችው እህታችን ቆርኪ የት አለ? እሷ ካልገባች እጄን አላስገባም።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሐጂ አንጀቴን በሉት። ለእኔ ብሎ እንዲህ በሰው ፊት የተሟገተልኝ ሰው ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አልነበረም። አለቃችን ፊቱ ቲማቲም መስሎ የሦስታችንን ስም በየቆርኪው ጽፎ ጨመረ። ሐጂ ከረጢቱን ወዘወዙት፣ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ሰደዱና የመጀመሪያውን ቆርኪ አወጡ። የእኔ ነበር።

ቆርኪውን አይተው ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ሳይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ወይ ጉድ፣ ሰውዬው ለካ ለእኔ አልተቆረቆሩም! ጥቁሩ ፍሬ ጆንያው ውስጥ ካልተመለሰ የጅማ ደረጃ እንደማይወርድ ያውቃሉ። ቡድኔ ውስጥ እንድገባ የታገለልኝ ብቸኛ ሰው ቡድኔ እንዲሸነፍ የሚፈልገው ሰው ነው። ንዴቴም ሳቄም እኩል መጡብኝ። ቀሚሴን እዚያው አውልቄ፣ ከሥር የለበስሁት ሲታይ ያጨበጨበልኝ ሕዝብ መሃል አልፌ ወደ ገንዳው ሄድሁ። ከእኔ ጋር ለመዋኘት የተነሡት ራሳቸው ሐጂ ነበሩ።

ውድድሩ ወዲያ ማዶ ደርሶ መመለስ ነው። በንዴት ተነሣሁ። እንዴት እንደሆነ ባላውቅም ማዶ ያለው ግድግዳ ጋ ሐጂን ቀድሜ ደረስሁ። ደርሼም እንደ ልማዴ ቆምሁ። እዚያ ጋ ሁልጊዜ እቆማለሁ፤ እግሬን መሬት አስይዤ፣ ዓይኔን ጠርጌ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ ነው የምዞረው። ሐጂ መጡ፣ ግድግዳውን በእግራቸው ገፉና አንድ ጊዜ ተፈትልከው ከፊቴ ሄዱ። ተከተልኋቸው፣ አልደረስሁባቸውም።

ቀጥሎ ቆርኪው የወጣው አለቃችን የሰርቦን መምህር አሸነፈ። በሦስተኛው ቆርኪ የወጣው የባንክ ሠራተኛችን ግን በሐጂ የልጅ ባል በአንድ ክንድ ያህል ተቀደመ። ዋንጫው ሰርቦ ገባ። ሐጂ ተቀብለው ከፍ አደረጉት። ተንኮላቸውን እያወቅሁ ደስ አለኝ፤ ለስንት ዓመት ሲገባቸው ሲያጡት ኖረዋልና። የእኛ ሰዎች ግን አንገታቸውን ደፉ። እኔ ብረታ ኖሮ የእኛ ነበር፤ ይህን ለመቁጠር ሒሳብ መማር አያስፈልግም። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀመጥሁ፣ ከእንግዲህ አትምጪ የሚለኝን ሰው እየጠበቅሁ።

አለቃችን መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«በል ተናገርና ገላግለኝ» አልሁት።

እሱም እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ። «ሐጂን ቀድመዋቸው ነበር እኮ» አለኝ። «ግድግዳው ጋ ቆሙ።»

ሁልጊዜ እንደምቆም ነገርሁት።

«አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቆሙ አይቻለሁ። ለሌሎቹ ሁሉ አዟዟር ሳስተምር ለእርስዎ አላስተማርሁም። ነጥብዎ ስለማይቆጠር ነው።»

ሱቄ መጥቶ አረፍ ይበሉ ሲለኝ እንኳ እንዲህ አላመመኝም። ያን ሁሉ ቅዳሜ ወደውኝ ነበር፣ ይህን አልጠረጥርም፤ ሲደውሉልኝም ከልባቸው ነው። እንድሻሻል ግን ማንም አስቦ አያውቅም፣ እኔ ራሴም ጭምር። በጥፊ ልለው አማረኝ። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ቀልቷል፤ የገንዳው መድኃኒት ነው እንዳልል ፊቱን ከታጠበ ቆይቷል።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ልምጣ?» አልሁት።

«እስከ ሰኞ ምን አስቆየን» አለና ውሃው ውስጥ ገባ። እንግዶቹ በረንዳው ላይ ገና ምሳ እየበሉ ነው፣ ሐጂ ዋንጫቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩናል። እኔም ገባሁ። አለቃችን እግሬን ይዞ ውስጥ እግሬን ግድግዳው ላይ አስደገፈልኝና «አሁን ይግፉት» አለኝ። ገፋሁት።