ሽማግሌ ያልተላከበት ውሃ

ልጆቼ በየፊናቸው ስለሄዱ እኔም የረጋ ቤት የለኝም። ደብረ ብርሃን ወንዱ ልጄ ዘንድ እሰነብትና ብርዱ ሲጠናብኝ እነዋሪ እህቴ ዘንድ፣ ከዚያ ደግሞ ከጎረቤላ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለችው ሴት ልጄ እሄዳለሁ። የማወራው በዚህች ልጄ ደጅ ሊወርድ ሲል ስለቀረ ውሃ ነው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ወንዱ ልጄ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጴንጤ ከሆነ ቆየ። ያኔ አለቀስኩ፣ ኋላ ለመድኩት። መጠጡን ትቷል፣ ሚስቱን አይቆጣም፤ ይህን አልክድም። ያልለመድኩት ሁሉን ነገር ወደ ስብከት መጎተቱን ነው። ወጡ ጨው አነሰው ብትለው ስለ ጸጋ ይነግርሃል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ጉባኤያቸው ለእህቱ መንደር ቧንቧ ሊለግስ ተነሣ። መንደሩ ውሃ የሚቀዳው ከገደሉ ሥር ነው። ከበላይ ምንጭ አለ፤ ግን ጠበል ነው። በጠበል ልብስ አይታጠብም፣ ወጥ አይሠራም፤ መጠመቂያው ላይ ወርዶ የተረፈው ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ቧንቧው ሊሳብ የታሰበውም ከዚህ ትርፍ ነበር። እነዋሪ በኩል ግን ሽማግሌ ቄሱን ለምኖ፣ ቄሱ ጸልየው፣ ከመጠመቂያው በታች ያለውን ትርፍ ሕዝቡ ሲቀዳ አይቻለሁ።

ስለዚህ መንደሩን ሊያነጋግር የጠራው ስብሰባ ሳይደርስ ልጄን መከርኩት። ለመንደሩ ቄስ ሽማግሌ ላክ፣ አንተ ዝም በል፣ እነሱ ይናገሩልህ አልኩት። እምቢ አለ።

«እማዬ፣ ቄስ እንዲባርከው ብለምን የማላምነውን አመንኩ ማለቴ ነው። በእኔና በጌታ መሃል ማንም አይገባም።»

«ከጌታ ጋር አማልዱኝ በል አላልኩህም፤ ከሰው ጋር ነው። ሚስትህን ስታገባ ሽማግሌ አልላክህም?»

«እሱ ባህል ነው።»

«ይኼስ?»

 መጽሐፍ ቅዱሱን አነሳ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ፤ ቄሱም መጥተው ዳር ተቀመጡ። ልጄ አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ቧንቧው በየት እንደሚወርድ፣ ቦኖው የት እንደሚተከል አሳየ። እህቱ ገና ካሁኑ ውሃ የቀዳች ይመስል ፊቷ በራ። አንዱ ታዲያ ጠበሉስ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ትርፉን ነው የምንወስደው ማለት ይበቃው ነበር።

«ውሃ ውሃ ነው» አለ ልጄ። «የሚያድነው እምነት ነው እንጂ ምንጭ አይደለም።»

በቄሱ ፊት። ከቅዳሴ በወጣ ሰው ፊት።  ከዚያ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ፣ «የቧንቧህ አንዱ ጫፍ እኛ ደጅ ነው አልክ፤ ሌላው ጫፍ የማን ቤት ይገባል ልጄ?» አሉት። ተሳቀ፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። ቄሱ ተነሡ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ቧንቧው በሴት ልጄ አጥር ሥር ከርሞ በኋላ መኪና መጥቶ ወደ ሌላ አገር ጭኖት ሄደ።

መንደሩም ጥም ይዞት ይኮራል፤ እሱን አላጣሁትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ያ ትምህርታቸው ነው። ሰውን ሁሉ ለየብቻው ከእግዚአብሔር ጋር አገናኘሁ ይላል፤ ልጄን ከጎረቤት ጋር መነጋገሪያውን አስጣለው። ለገዛ ነፍሱ እንደፈለገ ይሁን። የእህቱን ወገብ ማን ጠየቀ? እሱ እምነቱን ሳያጎድፍ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ፤ እሷ ጀሪካኗን ይዛ ገደል ወረደች።

ለፋሲካ መጣ። እህቱ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ደርሶ ተቀበላትና ስለ ውሃው እየጸለይኩ ነው አላት። ሊሄድ ሲል እንደ ልማዱ ጉልበቴ ላይ ጎንበስ አለ። ሳልመርቀው ሸኝቼው አላውቅም። ያን ቀን እጄን ከነጠላዬ አላወጣሁም።

«እማዬ፣ አትመርቂኝም?»

«ምርቃት ከሰው ትፈልጋለህ እንዴ?»

ቀና ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። እህቱ ልጁን ባዶውን ሰደድሽው ብላ ተቆጣችኝ። ለቄሱ ሽማግሌ ልኮ ይምጣ፣ ሁለት ጊዜ እመርቀዋለሁ አልኳት። እስካሁን አልላከም። እሷም ባዶውን ጀሪካን ይዛ ወረደች።