ቢጫው ኪስ

ሰፈሩ «እትዬ ብጣሽ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የማን ምላስ እንደሆነ አይታወቅም፤ ምክንያቱ ግን በረንዳዋን ላየ ሁሉ ግልጽ ነው። ከስፌት መኪናዋ ግራ ከረጢት፣ ከቀኟ ከረጢት፣ ከእግሯ ሥር ካርቶን፤ ሁሉም በጨርቅ ብጣሽ ጢም ያለ። መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ እንኳ ከመቀሷ ሥር ወድቃ መሬት አታድርም። «ጨርቅም እንደ ሰው ነው፤ ቦታው እስኪገኝለት ነው እንጂ ትርፍ የለውም» ትላለች። ባሏን ገና በወጣትነቷ ቀብራለች፤ ልጅ አልወለደችም። ከዚያ ወዲህ የሆዷን የምታጫውተው ይህችኑ የእግር መኪና ነው። ፔዳሉን እየረገጠች ታንጎራጉራለች፤ ምቱ ከመኪናዋ፣ ግጥሙ ከራሷ፦

ክሩ ቢበጠስም ይቋጠራል ጫፉ፣
ወዳጅ ይገናኛል በነፍስ ከተረፉ።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ እሷ ባንጎራጎረች ቁጥር ምላጬ ይደነዝዛል እያለ ይተርባታል። እሷ ደግሞ ምላጩ ድሮም ዱልዱም እንደነበር የደንበኞቹን አገጭ ምስክር ትጠራለች። እንዲህ እየተጎሻሸሙ ዓመታት አልፈዋል።

በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደው። ከጎርፉ የወጡት ልጆች በጭነት መኪና ሆነው ወደ ላይ መጡ፤ ብቻቸውን። ከፊሎቹ ወላጆቻቸውን ውሃው በልቶባቸዋል፤ ከፊሎቹ በግርግሩ ተለያይተዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። የላይኛው ሰፈር ሰው በአዳራሹ ተሰበሰበ። አንድ ጡረተኛ መምህር ልጅ እንደ ዕቃ አይከፋፈልም አሉ፤ ቀን ቀን በአዳራሹ አንድ ላይ እንዲውሉ፣ ማታ በየቤቱ እንዲያድሩ፣ ወንድምና እህት እንዳይነጣጠሉ፣ «ልጄ ነው» ብሎ የመጣም ሁሉ ሳይጣራ ልጅ እንዳይሰጠው ተስማሙ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን፣ ባለ ወፍጮው ዱቄቱን ቻለ። ፀጉር አስተካካዩ በጭቃ የተጋገረውን፣ ቅማል የወረረውን ፀጉር ሁሉ ላጨ። አንድ ነጋዴ ጥቅል ሰማያዊ ጨርቅ ሰጠ፤ እትዬ ብጣሽም ቁርስና ምሳዋን ረስታ ሁሉንም አለበሰች። በመጨረሻ ልጆቹ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲታዩ፣ ሁሉም መላጣ፣ ሁሉም ሰማያዊ፣ ቁርጥ የአንድ እናት ልጆች መሰሉ። ሰፈሩ በሥራው ኮራ። ያ ኩራት ጣጣ ይዞ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ለእትዬ ብጣሽ የደረሰቻት ልጅ አትናገርም ነበር። ስሟን ቢጠይቋት ዝም፣ ቢያባብሏት ዝም። ስትመጣ የለበሰችው ቀሚስ ጭቃ ከመሆኑ በቀር ቀለሙ አይለይም ነበር። እትዬ ብጣሽ ውሃ እየቀያየረች ስታጥበው ከጭቃው ሥር ቢጫ ብቅ አለ፤ ደመና ቀዶ እንደሚወጣ ፀሐይ ያለ። ትከሻው ላይ ደግሞ የተተረተረበትን ቦታ አንድ ሰው ጆንያ በሚሰፋበት ሲባጎ ጥርቅም አድርጎ ሰፍቶታል። በመጀመሪያ ሳቀች። «ይሄ ቀሚስ ነው ወይስ የእህል ጆንያ?» አለች። ቀጥሎ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችውና ሳቋ ጠፋ። አጀማመሩ ጠማማ ነው፤ ጫፉ ግን ሦስቴ ተቋጥሯል፣ ልጅቷን እንዳይቧጭራት ቋጠሮው ወደ ውጭ ተደርጓል። መስፋት የማይችል፣ መውደድ ግን የሚችል ሰው እጅ ነበር።

ቀሚሱ አልቆ ስለነበር ዳግመኛ አይለበስም። እትዬ ብጣሽ ትከሻውን ከነሲባጎው ቆርጣ ለአዲሱ ሰማያዊ ቀሚስ የውስጥ ኪስ አደረገችው። ልጅቷ እጇን ከተተች፣ ሲባጎውን አገኘችው፣ በዚያች ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትባንን አደረች። ከዚያ በኋላ እጇ ከኪሷ አይወጣም። ወደ ማምሻው ከአዳራሹ ስትመለስ መኪናዋ ሥር፣ ካርቶኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ዘፈኑ ሲደርስ ታጉረመርማለች፣ ያለ ቃል፣ በአፍንጫዋ። እትዬ ብጣሽም ሳታውቀው ማታ ማታ ሁለት ሳህን ማቅረብ ለመደች። ባዶ ቤት ሰው ሲገባበት እንዴት እንደሚሞቅ ረስታው ኖሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ አዳራሽ እያሉ፣ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ወፍራም ደንበኛ እየላጨ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ወሬውን ያወራላታል። ጠዋት አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከመጠለያ መጠለያ ሲዞር እግሩ ያበጠ። ልጄን አይታችኋል ወይ ብሎ ስሟን ነገረው። በዚያ ስም የምትጠራ የለችም። ሁለት ጉንጉን ፀጉር ያላት፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ናት አለ። ፀጉር አስተካካዩም የሁሉም ጭንቅላት በእጄ አልፏል፣ ከጭቃ በቀር ጉንጉንም ቢጫም አላየሁም ብሎ፣ ከንፈሩን መጦ ሸኘው።

«ቢጫስ ካንዱም ልጅ ላይ አላየሁም» አለ ምላጩን እየጠረገ። «ምስኪን። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነው ያሳደግኋት አለኝ። እህል መጋዘን ጆንያ ሰፊ ነኝ ነው የሚለው።»

የመኪናዋ ድምፅ ቀጥ አለ።

ቢጫውን ያየች እሷ ብቻ ናት። የቀረው ሰፈር ያየው ጭቃ ነው። ዝም ብትል የሚጠይቃት፣ የሚወቅሳት ሰው በዓለም ላይ የለም። ሁለቱ ሳህኖች መደርደሪያው ላይ ተደጋግፈው ይታዩአታል። እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ብትረግጠው መኪናዋ ይጮሃል፣ ወሬውም ያልፋል። ልቧ «እርገጪው» አላት። ከዚያ ያ ጠማማ ስፌት ትዝ አላት፤ ወደ ውጭ የተቋጠረው ቋጠሮ።

«አንተ፣ ሰውየው በየት ሄደ?» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል ብሏት።

«ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው። ምነው?»

«ሩጥ። ልጅቷ እኔ ቤት ናት የምታድረው።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ሊወጣ ሲል ደንበኛው ቀማውና አስቀመጠለት፤ ምላጭ ይዞ የሚሮጥ ሰው ማን ቆሞ ያነጋግረዋል ብሎ። ራሱም ግን አልቀረም፤ ግማሽ ፊቱ በሳሙና እንደተለበጠ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ ተከተለው። መናኸሪያው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጆንያ ሰፊው አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ አድርጎ ነበር። ባለ ሳሙናው ኮቱን ጨምድዶ ያዘው፤ በኋላ እንዳወራው፣ ሰውየው ዕብድ የያዘው መስሎት ሊመታው ነበር።

አዳራሹ በር ላይ መምህሩ አስቆሙትና እንደ ስምምነቱ ጠየቁት። ቢጫ ቀሚስ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ሌላ ምልክት ንገረን አሉት። ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«ትከሻው ተቀዶ ነበር» አለ። «ክር አልነበረኝም። በሲባጎ ሰፋሁት። አትሳቁብኝ።»

የሳቀ አልነበረም። ቀድማ ደርሳ በሩ ጋ የቆመችው እትዬ ብጣሽ እውነቱን መሆኑን መሰከረች፤ ወደ አዳራሹ አስገቡት። ልጆቹ ሁሉ ቀና አሉ፤ ሁሉም መላጣ፣ ሁሉም ሰማያዊ። የአባት ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ተንከራተተ፣ ልጁን ግን መለየት አቃተው። ያኔ ከማዕዘኑ አንዷ ተነሳች። አልሮጠችም። እጇን ከኪሷ አወጣች፤ ኪሱም አብሮ ተገለበጠና ቢጫው በሰማያዊው ላይ ተንጠለጠለ።

«አባዬ» አለች። «ፀጉሬን ላጩኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ተቆልፎ የከረመ አንደበት የተከፈተው በክስ ነው። አባቷ መሬት ቁጭ ብሎ መላጣዋን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን በደንበኛው ፎጣ እየጠረገ፣ ጥፋቱን አምኛለሁ፣ እስኪያድግ ድረስ በየሳምንቱ በነጻ ቅባት እቀባታለሁ አለ። ደንበኛው በበኩሉ፣ ቀሪውን ጢሜንስ ማን ይላጭልኝ ብሎ ሰዉን አሳቀው። እትዬ ብጣሽ በሩ ጋ ቆማ ሳለች ከደረቷ ላይ አንድ ድንጋይ የወረደ ያህል ትንፋሿ ወጣ። ብትረግጠው ኖሮ፣ ያቺን ፔዳል ብትረግጣት ኖሮ።

አባት ቤት አልነበረውም፤ ቤቱን ወንዙ ወስዶታል። ሰፈሩም ልጅ አስረክቦ እጁን አላጠበም። ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለችው የዕቃ ክፍል ተጠረገችላቸው፤ ባለ ወፍጮውም ጆንያ ሰፊ ፈልጎ ኖሮ ሥራ ሰጠው። ሰፈሩ ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲቀበል፣ ሳያጥብ ሳይላጭ በፊት የመጣበትን ልብስ እትዬ ብጣሽ እንድታየው ያደርጋል። እሷም ለሚመጣው ሁሉ ከአሮጌው ልብሱ የተቆረጠ ኪስ ትሰራለታለች። ቤተሰብ የተገኘላቸው አሉ፤ ያልተገኘላቸውም አሉ፤ እነሱ የሰፈሩ ልጆች ሆነው አደጉ።

ልጅቷ ዛሬም ከምሳ በኋላ ካርቶኑ አጠገብ አትጠፋም። አሁን ግን ዘፈኑን ከነቃሉ ነው የምትለው፤ እንዲያውም እትዬ ብጣሽ ስትሳሳት ታርማታለች። አንድ ቀን የኪሷ ጠርዝ ተቀዶ ስትመጣ፣ ነገ እሰፋልሻለሁ አለቻት። በማግስቱ ብታየው ተሰፍቷል። በሲባጎ፣ ጠማማ፣ ቋጠሮው ወደ ውጭ።

እትዬ ብጣሽ መቀሷን አንስታ ስፌቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ መቀሷን መልሳ አስቀመጠችና ፔዳሉን ረገጠች።