በቁሙ ያለቀስሁለት ወንድሜ

ዘፋኝነትን እንዴት እንደ ጀመርሁ ያልጠየቀኝ ጋዜጠኛ የለም። አዲስ አበባ በምሽት ክበብ ስዘፍን ጠየቁኝ፣ ጎንደር የባህል ቡድን ሳሠለጥን ጠየቁኝ፣ በስተርጅና የፌስቲቫል አዘጋጅ ሆኜ ከየአውራጃው ተጫዋች ስሰበስብም ጠየቁኝ። እኔም እንደ ጠያቂው መልክ ስመልስ ኖርሁ። ለአንዱ ከሰርግ ቤት አልሁት፣ ለሌላው ከሰንበት ትምህርት ቤት። ሰንበት ትምህርት ቤትን ደጃፉንም አላውቀው። እውነቱን ልናገር ካልሁ፣ ሥራዬ የተጀመረው በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ በማውረድ።

ሰውየው ታላቅ ወንድሜ ነበር። አርበኛ ሆኖ ጫካ ከገባ ዓመት ሆኖት ነበር። እናቴ አልቃሽ ነበረች፤ ከገሳይ እስከ እብናት ትልቅ ሰው ሲሞት የምትጠራው እሷ ናት። እኔም ከኋላዋ እየተከተልሁ ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ሰው የት ላይ እንደሚያለቅስ ተማርሁ። የማላውቀውን ሰው ሞት ሳስጌጥ አደግሁ ብል ማጋነን አይደለም።

ከጣሊያኖቹ ካምፕ አንድ ባንዳ ይመላለስብን ነበር። ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲያስፈራራ እንኳ ትሕትናው የማይለየው ሰው ነበር። ስድብ ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ደጃፋችን ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እመቤቴ፣ ልጅዎ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እጁን ሰጥቶ ካልገባ እርስዎን እወስዳለሁ። ቤቱም ይቃጠላል። አዝናለሁ» አላት። ወደዚያ ካምፕ የተወሰደች እናት ስትመለስ አላየንም ነበር።

መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። «የሞተ ሰው ማን ይፈልጋል? እናልቅስለት» አለች። ወንድሜ ዘንድ መልእክት ተላከ። ሳቀ አሉ። ኩታውን፣ እጀ ጠባቡንና ዝናሩን በመልእክተኛ ሰደደና «አደራ፣ አሳምራችሁ አልቅሱልኝ» አለን። እኛም በጫካ ሞተ ብለን መርዶ አስነገርን።

ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ካልተገኘ፣ ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚለቀስለት። ሐምሌ ነበር፤ ሜዳው ጭቃ፣ ጉሙ ከጉና ወርዶ እስከ ጉልበታችን። እናቴ ሐዘንተኛ ስለሆነች ሙሾ አታወርድም፤ ስለዚህ ተራው የኔ ሆነ። ባንዳው እጁን አጣምሮ ከፊቴ ቆሟል። ድምፄ ትንሽ ቢሰንፍ እናቴን ይዟት እንደሚሄድ አውቃለሁ። አፌን ከፈትሁ።

«ደጁ ላይ ቆሜአለሁ ልብሱን ተሸክሜ፣
ሰው የማይወጣበት ገባ ወይ ወንድሜ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ወንድሜን አየሁት። በግንባሩ ተደፍቶ፣ አንድ ጆሮው ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ሞቶ አየሁት። ግጥሙን እኔ አልሠራሁትም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የተናገርሁት። ጠዋት በዓይኗ ስትጠቅሰኝ የነበረችው እናቴ መሬት ላይ ወድቃ ፊቷን ነጨች። ከለቀስተኛው መካከል ውሸቱን የምናውቅ እኔና እሷ ብቻ ነበርን፤ ከቀትር በኋላ ግን ያወቅነውን ሁለታችንም ረስተነው ነበር። ምንም ያልነገርናቸው የንስሐ አባታችን ፍትሐት አደረሱለት፤ የክርስትና ስሙን ከሙታን ጋር ጠሩት። ልብሱም በማግሥቱ ለነዳያን ተሰጠ።

ባንዳው አለቀሰ። የምሬን ነው፣ መሐረብ አውጥቶ አለቀሰ። ሊሄድ ሲል ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ «እንዲህ ያለ ድምፅ ለቅሶ ላይ አይባክንም» አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ የጣሊያን መኮንኖች መጠጥ ቤት ዘፋኝ ሆኜ ገባሁ። እምቢ ብል ነገሩ እንደገና ይቆፈራል ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ የሰው ዓይን እኔ ላይ ሲያርፍ ደስ ብሎኝም ነበር።

እዚያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መሰንቆ ይመቱልኛል፣ እኔ እዘፍናለሁ። የሙያው ወግ እንዲህ ነው፤ ከተቀመጠው አንዱ «ተቀበይ!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኟ ቃሉን ሳታፈርስ ተቀብላ ታዜመዋለች። ስድብም ቢሆን፣ ውዳሴም ቢሆን ትቀበላለች። አለመቀበል ነውር ነው፤ ሽማግሌው መጀመሪያ ያስተማሩኝም ይህንኑ ነበር። ጣሊያኖቹ ነገሩ በአስተርጓሚ ሲገባቸው እንደ ሕፃን ይፈነድቃሉ።

ነሐሴ ላይ፣ ቀትር ገደማ፣ ጉሙ በረታ። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ወንድሜ በበሩ ገባ። ከስቷል፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ብድግ አልሁ። እናቴ ግን ቀና አላለችም።

«እንደምን ከረምሽ፣ እማዬ» አላት።

እንዝርቱን ማሾሩን አላቆመችም።

«እማዬ፣ እስቲ ቀና ብለሽ እይኝ።»

«ልጄ» አለች፣ ለሱ ሳይሆን ለኔ፣ «በሩን ዝጊው፤ ብርድ ገባ።»

እንጀራውን ይዤለት ወጣሁና ከጓሮ፣ ከገብሱ ማሳ ዳር ተቀመጥን። በላ። ሲበላ ማየቴ አረጋጋኝ፤ ሲውጥ ጉሮሮውን ሁሉ እያየሁ ነበር። ሙሾዬ ደርሶት እንደሆነ ጠየቅሁት፣ ልቀልድ ፈልጌ።

«ደርሶኛል» አለ። «የሰማው ሁሉ እየዘፈነው ነው። መጀመሪያ ስቄ ነበር። አሁን ጓደኞቼ እሳት ዳር ስቀመጥ ቀስ ብለው ይነሳሉ። እብናት ገበያ የክርስትና አባቴ አየኝና አማትቦ ሸሸ። ጠራሁት እኮ! ድምፄን ሲሰማ ይባስ ሮጠ።»

«ጣሊያን ሲወጣ ሁሉም ይታወቃል» አልሁት።

«እስከዚያ አልደርስም፣ እቴ። አንዳንዴ እኔም ራሴን እጠራጠራለሁ። ሰው ሲጠራኝ ቶሎ አልሰማም።» እጄን ያዘኝ። «ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ ያው አንቺው መልሺኝ። አለ ብለሽ ዝፈኝልኝ። ያንቺን አፍ ነው ሰው የሚያምነው።»

እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ነሐሴ ነው፣ የማን እጅ ይሞቃል አልሁ ለራሴ። ለሱ ግን አለ ብዬ ብዘፍን እናታችንን እንደሚወስዷት ነገርሁት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጉሙ ገባ፤ ገብሱ ሲንኮሻኮሽ እንኳ አልሰማሁም።

መስከረም ሲጠባ ከላይ ትልቅ የጣሊያን ሹም ይመጣል ተባለ። ባንዳው ጠርቶኝ ለአቀባበሉ በሜዳው ላይ ታላቅ ትርኢት እንዲደረግ መታዘዙን፣ ተጫዋቾቹን የምሰበስበው እኔ መሆኔን ነገረኝ። እናቴን ተከትዬ ያልዞርሁበት አገር ስለሌለ ማን ከበሮ እንደሚችል፣ ማን እምቢልታ እንደሚነፋ አውቃለሁ። በወታደር መኪና ገሳይ ሄድሁ፣ እብናት ወረድሁ። ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ ሴቶቹ በየት ይግቡ፣ ሁሉን ወሰንሁ። በኋላ ዘመኔ ሁሉ የኖርሁበትን ሥራ የተማርሁት ያን ጊዜ ነው። አፍራለሁ እንጂ አልክድም፤ እንደዚያ ወር ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወንድሜን አንዳንድ ቀን ጨርሶ ረሳሁት።

በቀኑ ሜዳው በሰው ሞላ። ባንዳው እናቴን በክብር ከፊት፣ ከራሱ ወንበር አጠገብ አስቀመጣት። «ከዓይኔ አትራቅ ብዬ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። ከበሮው ተመታ፣ እምቢልታው ተነፋ፣ ሁሉም እንዳሰብሁት ሄደ። በመጨረሻ እኔ ከሽማግሌው ጋር ወጣሁ። ፀሐይ ነበረች፤ ሆኖም ከሕዝቡ ኋላ፣ ከጽዶቹ ሥር፣ ጉም ተኝቶ ነበር።

ሁለተኛውን ዘፈን ጋመስ እንዳደረግሁ «ተቀበይ!» የሚል ሰማሁ።

ድምፁን ባላውቀው እንዴት በወደድሁ! ከጽዶቹ በኩል ነው የመጣው። ጮክ አላለም፤ ሆኖም ጆሮዬ ሥር የተናገረ ያህል ሰማሁት።

«ልብሴን መልሺልኝ ለብርዱ አትስጪኝ፣
በአፍሽ ቀብረሽኛል በአፍሽ ደግሞ አውጪኝ።»

ከጽዶቹ ሥር የቆመ ሰው ነበር፤ ፊቱ አይታይም፣ ከወገቡ በታች ጉም ነው። ባንዳው ወደኔ ያያል። እናቴ ጉልበቷን ታያለች። ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በሕይወቴ ስንት ሺህ መስመር ተቀብያለሁ። አፌን ከፈትሁና የራሴን ዘፈን ቀጠልሁ።

«ተቀበይ» አለ ደግሞ፣ ዝግ ብሎ። ግጥሙን ደገመው። እኔ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ «ተቀበይ» ብቻ አለ፤ ግጥሙን አልጨመረበትም። አልተቀበልሁም። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ትልቁ ሹም ከወንበሩ ተነሣ። ወደ ጽዶቹ ሳይ ጉሙ ተገፍፏል፤ ከሥራቸው ሣር ብቻ ነበር፣ ሣሩም አልተረገጠም።

ከመድረክ ስወርድ ሽማግሌውን «ያን ግጥም የሰጠውን ሰው ያውቁታል?» አልኋቸው።

«ማን ምን ሰጠ?» አሉኝ። «አንቺው ነሽ መሀል ላይ ሦስት ጊዜ የደነገጥሽብኝ። አሞሽ ነው?»

ጣሊያን ወጣ፤ ጫካ የነበረው ሁሉ ገባ። የኛው ሳይመጣ ቀረ። አንድ ቀን አብሮት የነበረ ሰው ቤታችን ድረስ መጣ። እናቴ ጠላ ቀዳችለት። ሰውየው ዋንጫውን ሳይቀምስ፣ መስከረም ላይ የትርኢቱ ቀን ማለዳ ወንድሜ ብቻውን ወደ ደብረ ታቦር መውረዱን፣ «ዛሬ ከሰው ተቆጥሬ እመለሳለሁ» እንዳላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳላገኘው ነገረን።

«እናንተ ዘንድ አልመጣም? አላያችሁትም?» አለ፣ ወደኔ ዞሮ።

«አላየሁም» አልሁት።

እናቴን ገና አልጠየቃትም ነበር፤ ስለ ድምፅም ማንም አላነሣም። ማሰሮውን እንዳቀፈች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «እኔም አልሰማሁም» አለች።