ከራጉኤል የተነሡ ርግቦች

አጎቴ ሰባተኛ ሰፈር ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ እኔ ጨለማው ክፍል ውስጥ ፊልም አጥብላቸው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ግንቡ ሥር ቆመው የሚበሩ ርግቦችን ፎቶ ያነሡ ነበር። የብርሃን መለኪያውን ወደ ሰማይ አያዞሩም፤ መዳፋቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው እሱ ላይ ያረፈውን ብርሃን ይለካሉ። «ለሰማዩ ከለካሽ ወፏ ፎቶው ላይ ጠቁራ ከሰል ትሆናለች» ይሉኝ ነበር።

የአልጋ ቁራኛ ሲሆኑ ካሜራውን ሰጡኝና፣ «እስቲ ርግቦቼን አምጪልኝ» አሉኝ። ሰው ፊት ካሜራ ማንሣት አፍራለሁ፤ ቢሆንም ሄድኩ። መዳፌን ዘርግቼ ብርሃኑን ለካሁ፤ የርግቦቹ ክንፍ እንዳይደበዝዝ የመዝጊያውን ፍጥነት አምስት መቶ ላይ አደረግሁት። አንድ ኩሊ፣ «እኅቴ፣ እኛ ቆመንልሽ የምትሸሸውን ታነሻለሽ?» ብሎ አሳቀብኝ። ርግቦቹ ግር ብለው ሲነሡ ግን ዕፍረቴን ረሳሁ።

ፊልሙን ሳጥብ ደቂቃውን ደጋግሜ ቆጠርሁ፤ ከተበላሸ አጎቴ ለሌላ እሑድ እንደማይደርሱ አውቄዋለሁ። ፎቶውን ሳመጣላቸው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና፣ «ላባዋ ሳይቀር ይታያል እኮ፣ አንቺ ልጅ!» ብለው ሳቁ።

በዚያው ሳምንት ዐረፉ። ግንቡ ሥር ይቆሙበት የነበረው ቦታ ዛሬ ባዶ ነው፤ ሳየው አለቅሳለሁ። ልቤ ግን አይቃጠልም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዓይናቸው ሳይከደን ደርሼላቸዋለሁ።