ዝም ያሉትም የተጠየቁበት ጠዋት

በከተማችን መርካቶ ልብስ እሰፋ በነበረበት ጊዜ፣ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ከምትርቀው ከሰርቦ የሚመጡ አንዲት አሮጊት ደንበኛ ነበሩኝ። አዴ፣ እማማ እንደማለት፣ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። አማርኛ ብዙም ስለማይሰሙ የምናወራው በኦሮምኛ ነው። ያን ቀን ጠዋት ለልጅ ልጃቸው ሰርግ የሚሆን ቀሚስ ሊለኩ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታችን ያለው የሞባይል ሱቅ ቴሌቪዥኑን ወደ መንገዱ አዙሮ ድምፁን ለቆታል። ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ነው።

አዴ ሰዎቹ ምን እያሉ እንደሆነ ሲጠይቁኝ እየሰፋሁ መተርጎም ጀመርኩ። ለምርጫ የቀረበችው ዕጩ ሴት መሆኗን ስነግራቸው የተሳሳትኩ መስሏቸው አስደገሙኝ። ዕጩዋ አንድ ብቻ እንደሆነች፣ ሥልጣኑም ያን ያህል እንዳልሆነ ላስረዳ ስሞክር በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

የሚደግፉ ሲባል አዳራሹ በተነሳ እጅ ተሞላ። እጅ ሲወጣ በዜና ስንቴ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን እግሬ በስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቆመ። ቀጥሎ የሚቃወም ተጠየቀ፤ አንድም የለም። ከዚያ ድምፀ ተአቅቦ ተባለ። ለዚህኛው ኦሮምኛ አጣሁለት። ዝም ማለት የሚፈልግ ካለ እየጠየቁ ነው አልኳቸው።

አዴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዝም ያለውንም ይቆጥራሉ?»

«አዎ፣ ይቆጥራሉ።»

«ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ስንት ስብሰባ ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ ተመልሻለሁ። የቆጠረኝ ሰው የለም።»

የተመረጠችው ሴት ገብታ ቃለ መሐላ ስትፈጽም አዴ የመኪናዬን ጠረጴዛ ተደግፈው ቆሙ። እህል የጫነ ጋሪ ይዞ የሚያልፍ ሰው ቆመ፤ የሱቁ ባለቤትም ደንበኞቹም እንደዚያው። ዝም በሉ ያላቸው የለም።

በሳምንቱ የሰርቦ ሚኒባስ ሾፌር ሱሪ ሊያሳጥር መጣና፣ ያን ቀን አዴን ያሳፈራቸው እሱ እንደነበር ነገረኝ። ዘፈኑን አጥፋው ብለውት መንገዱን ሙሉ ያዩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለተሳፋሪው ሲተርኩ ሄዱ። ሰርቦ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ገና አልጨረሱም ነበር።

«ስንት ዓመት ነዳሁ» አለኝ፤ «ሰው መድረሱን ረስቶ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»